የለሚ ሦስት መኝታዎች

«ለሚ ሞተ» አለ ገዳ በሩ ላይ እንደ ቆመ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ። «ፖሊስ ከሰል ነው የገደለው ብሎ ሄዷል። እህቱ አዴ ረቢያ ግን ኦቦ ዳቢሴን ካላመጣህልኝ ደጄን እንዳትረግጥ ብላኛለች።»

ኦቦ ዳቢሴ የጥርስ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጎባ ውስጥ ንብ ከማነብ በስተቀር ሌላ ሥራ የለውም፤ ስሙ ግን ጡረታ አልወጣም። በመርማሪነቱ ዘመን ዳቢሴ ተነሣ ሲባል የተሰረቀ በሬ ገመዱን በጥሶ በገዛ እግሩ ወደ ባለቤቱ ይመለስ ነበር። አንድ ጊዜ የሳነቴ ቀበሮ በማሽተት ተፎካክራው ስለተሸነፈች ነው እስከ ዛሬ አንገቷን ደፍታ አይጥ ብቻ የምታድነው ይላሉ። ጎባ ላይ ይህን የማያምን ሰው ካለ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው።

«ለሚ? ያ የገበሬዎቹ ለሚ?»

«እሱው።»

የገበሬዎቹን ለሚን የማያውቅ አልነበረም። ጊዜው 2008 ነው፤ ኦሮሚያ ከዳር እስከ ዳር እንደ ደረቅ ገለባ የተያያዘችበት ዓመት። ሮቤ ዙሪያ ያለው የስንዴ መሬት ለአንድ ባለሀብት ሊታጠር ነው ሲባል ገበሬውን ያስተባበረ፣ የሚታደኑትን ወጣቶች ከቤት ወደ ቤት ያሸሸ እሱ ነበር። አንድ ሺህ ሰላይ ቢሰለፍ በመሃላቸው ፉጨት እያፏጨ ያልፋል ይባልለት ነበር።

ዳቢሴ ለለቅሶ ቤት የሚሆን አንድ ጣሳ ማር ይዞ ወጣ። ሚኒባሱ ላይ ሊጭነው የጣሪያውን ዕቃ መጫኛ ብረት ሲይዝ ነጭ ነገር ጣቱ ላይ ቀረ። ሹፌር ዱቄት መጫኑ አይገርምም፤ ግን ዳቢሴ እጁ የነካውን ነገር ምላሱ ሳይፈርድበት የማያልፍ ሰው ነው። ቀመሰው። ፊቱን አጨፈገገ፣ ማሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ከፊት ወንበር ተቀመጠ።

«ጎባን በቀን ስንት ጊዜ ታያታለህ?» ሲል ጠየቀ መንገድ ሲጀምሩ።

«ከሚስቴ ይልቅ የጎባ አስፋልት ነው የሚያውቀኝ» አለ ገዳ ሳቅ ብሎ። «ሆስፒታል ለተኛ ምሳ የማደርስ እኔ፣ ለአክስት ዱቄት የማደርስ እኔ። የሮቤ ሰው ጎባ ላይ ዘመድ ካለው ሳላየው አልውልም።»

«ደግ ነህ።»

«ሥራ ነው እንጂ ኦቦ።» ገዳ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ መኪናው ውስጥ ከሁለቱና ከማሩ በቀር ማንም ባይኖርም። «እኔም ከለሚ ጋር ነበርኩ። ሦስት ነን፤ እኔ፣ ባለወፍጮው ሻፊ፣ መምህርቷ ሴና። የሞተው በሻፊ መጋዘን ነው። አጎቱ ኦቦ ማሜ ነገ ከጁምዓ በኋላ ከሲናና ዘመዱን ሁሉ ይዞ ይመጣል። ደሙን ከሻፊ እንፈልጋለን ብለዋል።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔ ምን እላለሁ። መጋዘኑ የሻፊ፣ ቁልፉ የሻፊ፣ ጆንያው የሻፊ። የቀረውን እግዜር ያውቃል።»

ዳቢሴ በመስኮቱ የገብሱን ማሳ ያይ ጀመር።

ረቢያ ሮቤ መናኸሪያው ፊት ለፊት የጨርቅ ሱቅ አላት። ቁመቷ በሩን ይሞላል፤ ቁጣዋ ደግሞ መናኸሪያውን። ለቅሶ የደረሰው ሕዝብ ግቢዋን አጨናንቆ ሳለ ዳቢሴን ወደ ጓዳ አስገባችው።

«ሰብር ይስጥሽ፣ አዴ ረቢያ።»

«እሱን ኋላ ይነግሩኛል። አሁን ስሙን ይስጡኝ።»

«የማንን?»

«የገደለውን። እርስዎም ከሰል ነው እንዳይሉኝ። ወንድሜ ሽንት ቤት እንኳ ሲሄድ በአንድ መንገድ ሄዶ በሌላ የሚመለስ ሰው ነበር። ስብሰባ ስልክ አታምጡ፣ ባንድ ቤት ሁለት ሌሊት አትደሩ፣ የት ታድራለህ ተባብላችሁ አትጠያየቁ፤ ይህን እየደጋገመ ጆሮዬን አልፍቶታል። እንዲህ ያለ ሰው አየር ዘግቶ ከሰል ታቅፎ ይተኛል?»

«አይተኛም። ግን ስሙን ብሰጥሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ያጠቡት ሰዎች ‹የተኛ ነው የሚመስለው› አሉኝ። የገደለው ሰው እንዲህ ያለ እንቅልፍ እንዲያገኝ አልፈልግም። ሌላው የእኔ ጉዳይ ነው።»

«ነገ ሻፊን ቢገድሉትስ?»

ረቢያ ሻሿን አጥብቃ አሰረች። «ሻፊ ከሆነ ይግደሉት። ካልሆነ ግን በቀሌን አባከኑብኝ ማለት ነው። አንድ ወንድም ነው ያለኝ፤ በቀሉም አንድ ነው። ማንም በከንቱ እንዲያፈስብኝ አልፈቅድም።»

የሻፊ ወፍጮ ሲነሣ ጎባ ላይ ሻይ ከብርጭቆ ይፈሳል። ያን ቀን ግን ዝም ብሏል። ሻፊ የወፍጮ ቺንጋ ጉልበቱን ከሰበረው ጀምሮ ያነክሳል፤ እግሩን እየጎተተ ዳቢሴን ከወፍጮው ጀርባ ወዳለው መጋዘን መራው። በሩ ተሰብሮ ተጋድሟል።

«የሰበርኩት እኔ ነኝ» አለ ሻፊ። «መቀርቀሪያው ከውስጥ ነበር። ጠዋት የበሩ ስንጥቅ ከሰል ከሰል ሲሸተኝ ጊዜ ልቤ ተረበሸ። ቁልፍ ሰጥቼዋለሁ፤ እዚህ መሆኑን ግን በአላህ ስም አላውቅም ነበር። ጎባ አክስቴ ዘንድ አድራለሁ ነው ያለኝ። ያን ዱቄት ይዩት፤ ለአክስቱ ብዬ በእጄ አስሬ የሰጠሁት ነው። ቀብር ላይ ‹ጎባ ነኝ ብለኸኝ› እያልኩ ስጮህ ሰው ሁሉ ሰምቶኛል።»

ዳቢሴ ዱቄቱን አየ፤ ትንሽ ከረጢት፣ አልተፈታም። አጠገቡ ወፍራም ባለ አበባ ብርድ ልብስ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

«ይህ መጋዘን በባለጃኬቶቹ ተፈትሿል ሲሉ ሰማሁ።»

ባለጃኬት የሚባሉት የሲቪል ልብስ የሚለብሱት የጸጥታ ሰዎች ናቸው። ሙቀት ቢሆን፣ ዝናብ ቢሆን ያን የቆዳ ጃኬት አያወልቁም፤ እንቅልፍ ላይም ለብሰውት ነው የሚተኙት የሚል አለ።

«ባለፈው ነው። ወጣቶቹ በመንገዱ በኩል ያለው ግድግዳዬ ላይ የተጣመሩ ክንዶች ሣሉ። እነዚያ መጥተው ውስጡን ገለባበጡ፣ ግድግዳውን በኖራ አስቀቡኝ።»

«ታዲያ ለሚ የተፈተሸ ቤት ለምን ይመጣል?»

«ሕጉ ነው። ‹ፈታሽ ያራገፈውን ጆንያ ቶሎ ተመልሶ አያራግፍም› ይላል። የተፈተሸ ቤት ለጥቂት ቀን ከሁሉ የተሻለ መደበቂያ ነው ብሎ አስተምሮናል።»

«እነማንን?»

«ሦስታችንን።»

ዳቢሴ ቀና አለ። በመንገዱ በኩል፣ ከጣሪያው ሥር፣ ሁለት የአየር ቀዳዳዎች አሉ። እኩለ ቀን ነው፤ ቀዳዳዎቹ ግን ጨለማ ናቸው። ከበሩ አጠገብ ምስማር ላይ ሁለት የተጠቀለሉ ጨርቆች ተሰቅለዋል።

«እነዚህስ?»

«የስብሰባ መወተፊያ ናቸው። ድምፅ እንዳይወጣ ከውስጥ እንወትፍና ስንጨርስ ነቅለን እዚያው እንሰቅላለን። ከውጭ መወተፍ ክልክል ነው፤ መንገደኛ ካየው ‹እዚህ ቤት ምን ይደበቃል› ይላል።»

ዳቢሴ ጨርቆቹን ነካቸው። አቧራ ለብሰዋል። የእህል ጆንያዎቹ ላይ ወጣና አንዱ ቀዳዳ ውስጥ ያለውን ነገር ለመሳብ ሞከረ፤ አልመጣም። በጣቱ ገፋው፤ ወደ ውጭ ተንቀሳቀሰ። ወርዶ ወደ መንገዱ ዞረ። ሁለቱም ቀዳዳዎች በባዶ የዱቄት ጆንያ ተወትፈዋል፤ የጆንያው ጫፍ ወደ መንገዱ ተንጠልጥሏል። ሰው በሰው ትከሻ ላይ ካልቆመ አይደርስም። ከቀዳዳዎቹ ዝቅ ብሎ፣ አዲሱ ኖራ ላይ፣ ረጅም አግድም ጭረት ይታያል።

«መሰላል አለህ?»

«መስጊዱ ጣሪያ ሊጠግንበት ከወሰደው ቆየ። ቢኖርስ በዚህ ጉልበት ልወጣበት ነው?»

«ይህን ጆንያ ለማን አሳየህ?»

ሻፊ አንጋጦ አየ። መሬት ላይ ቁጭ አለ። «አሁን ገና ማየቴ ነው» አለ። «ወንድሜን፤ በእኔ ጆንያ።»

«ለማንም አትናገር። ጆንያውም እዚያው ይቆይ።»

ሴናን ለቅሶ ቤት ጥግ ይዛ ተቀምጣ አገኛት። ወጣት መምህርት ናት፤ ዓይኗ እንደ በርበሬ ቀልቷል። ዳቢሴ ስለ ብርድ ልብሱ ሲነግራት ራሷን ነቀነቀች።

«የእኔ ነው፣ ጋሼ። ሪራ፣ ከሳነቴ ማዶ፣ ባለ ንቡ ቀመር ዘንድ አድራለሁ አለኝ። ለሳነቴ ብርድ ብዬ ያለኝን ወፍራሙን ሰጠሁት።»

«ተጣልታችሁ ነበር ይላሉ።»

«አዎ። ምክንያቱን ግን የሚነግርዎ የለም። ‹ዛሬ የማድርበትን ለአንቺ ብቻ ነው የነገርኩት፤ ለሁለቱ እንዳትነግሪ› አለኝ። ‹አንተ ራስህ የምታድርበትን መናገር ነውር ነው ስትል ኖረህ ዛሬ ምን ነካህ? ልትፈትነኝ ነው?› አልኩት። ‹እኔንም ትጠረጥራለህ?› ብዬ ጮህኩበት። ‹ነገ ጠዋት ስንሰበሰብ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ› አለና ሄደ።» ሴና እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ይቅርታውን ይዞት ሄደ።»

ዳቢሴ ሊነሣ ሲል አንዲት አሮጊት ከጎኑ ተቀመጡ። ከሲናና የመጡ ናቸው፤ ሞሚና ይባላሉ፤ የለሚ እናት ጓደኛ ነበሩ።

«አንተ መርማሪ ነህ አሉ» አሉት። «እስቲ ይህን መርምርልኝ። ለሚ የሞተ ዕለት፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ባለጃኬቶች ቤቴን ወረሩት። ዶሮዬን ረገጡብኝ። ‹ለሚን አውጪ፣ እዚህ ሊያድር ነው› ይሉኛል። ለሚ እቤቴ ከመጣ ዓመት አልፎታል።»

«ምን አሉዎት ሲያጡት?»

«አንዱ ስልኩን አውጥቶ ሰው ሰደበ። የሰደበው ግን እኔን አይደለም። ‹የውሸት ወሬ ትሰጠናለህ› እያለ ነው።»

ዳቢሴ እጃቸውን ሳመ። አሮጊቷ ደነገጡ፤ እንዲህ በአክብሮት እጃቸውን የሳማቸው ወንድ ከባላቸው ሞት ወዲህ አልነበረም።

ግቢው በር ላይ ገዳ ሚኒባሱን ተደግፎ ቆሟል። ውስጥ ምግብ እየቀረበ ነው።

«አትገባም?»

«መንገድ ላይ ነኝ ኦቦ፤ ሆዴ ከሞላ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል።»

«አንዲት ነገር ብቻ። ለሚ የት አድራለሁ ብሎህ ነበር?»

ገዳ ትንሽ አሰበ። «ጎባ። አክስቱ ጋ።»

«ላንተ ብቻ ነው የነገረህ?»

«ለእኔ ብቻ። ‹ለሁለቱ እንዳትነግር› ብሎኝ ነበር።»

«ገልቶሚ» አለ ዳቢሴ፤ አመስግኖት ወደ ውስጥ ተመለሰ። ረቢያን ፈልጎ በጆሮዋ «ነገ አጎትሽ ሲመጣ ሁሉም እዚህ ይገኙ። ሞሚናም አይሂዱ» አላት።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ኦቦ ማሜ ግማሽ ሲናናን አስከትሎ መጣ። ዱላ የያዘ ዱላ፣ ያልያዘ ቡጢውን ይዟል። ግቢው ውስጥ ሲቀመጡ መሬቱ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ መሰለ። ሴና እንደ ለሚ ሥርዓት የሁሉንም ስልክ በወተት ዱቄት ጣሳ ሰብስባ ጎረቤት ቤት፣ ጮክ ተደርጎ በተከፈተ ሬዲዮ አጠገብ አኖረችው። ሻፊ መካከል ላይ፣ የተሰበረ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። ገዳ ከበሩ አጠገብ ነው።

«ጉማችንን፣ የደማችንን ዋጋ እንጠይቃለን» አለ ማሜ። «ልጃችን በዚህ ሰው ጎጆ ሞቷል። ሽማግሌ ይቀመጥ የሚል ካለ ከእኛ ወገን አይደለም። ሽማግሌ ከደም በኋላ ነው።»

«ደሙን የማን እንደሆነ ከነገርኩህ በኋላ ትጠይቃለህ» አለ ዳቢሴ። «ጆሮህን ለጥቂት ጊዜ አውሰኝ፤ ዱላህን ግን አስቀምጠው፤ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ይከብዳል።»

ማሜ ዱላውን ጭኑ ላይ አስተኛው።

«ለሚን ከሰል አልገደለውም» ብሎ ጀመረ ዳቢሴ። «ከሰሉ አብሮት ሌላም ሌሊት አድሯል፤ አየር ስለነበረው አልጎዳውም። ያን ሌሊት ግን አንድ ሰው ሁለቱን ቀዳዳዎች በጆንያ ወተፋቸው። ለሚ ራሱ ቢሆን በምስማሩ ላይ ባሉት ጨርቆች ከውስጥ ይወትፍ ነበር፤ ጨርቆቹ አቧራ ለብሰው እዚያው አሉ። የተወተፈው ከውጭ ነው። በሩ ተቀርቅሯል፤ ገዳዩ መግባት አልቻለም፤ መግባትም አላስፈለገውም።»

«ጆንያው የሻፊ ነዋ» አለ ማሜ።

«የሻፊ ነው። ወፍጮ ቤት ደጅ የወደቀ ባዶ ጆንያ የማንም ነው። አሁን ለሚን ስሙት፤ ሞቶም ይናገራል። ለሚ ከሦስቱ መካከል የባለጃኬቶቹ ጆሮ እንዳለ ጠርጥሯል። ስለዚህ በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ የሚያድርበትን ተናገረ። ለእያንዳንዱ ለብቻው፣ ለእያንዳንዱ የተለየ ቦታ። ወጥመድ ነው። ባለጃኬቶቹ የሄዱበት ቦታ የተነገረው ሰው፣ ጆሮው እሱ ነው።»

ከጎረቤት የሬዲዮው ዜና ይሰማል።

«ሴናን ሪራ አላት። ለሪራ ብርድ የሰጠችው ብርድ ልብስ ሬሳው አጠገብ ነበር፤ እውነቷን ነው። ሻፊን ጎባ፣ አክስቴ ዘንድ አለው። ለአክስቱ ያሰረው ዱቄት ሳይፈታ እዚያው አለ፤ እውነቱን ነው። ባለጃኬቶቹስ የት ሄዱ? እናቴ ሞሚና፣ ይንገሩን።»

«እቤቴ» አሉ ሞሚና። «ሲናና። ዶሮዬን ረግጠው።»

«ሲናና። እንግዲህ ለሚ ሲናና ብሎ የነገረው አንድ ሰው አለ። ከሦስቱ ‹ሲናና አለኝ› ያለ ማን ነው? ማንም የለም። ገዳ፣ አንተን የት ነበር ያለህ?»

ሰው ሁሉ ዞረ። ገዳ ኮፍያውን አስተካከለ። «ጎባ ነው ያልኩዎ። ለሻፊም ጎባ ብሎ ይሆናል፤ እኔ በምን አውቃለሁ።»

«ለሚ ሁለት አይጥ በአንድ ወጥመድ የሚይዝ ሞኝ ነበር? ይህ አንድ ነው። ሁለተኛ፤ አንተ ራስህ መንገድ ላይ ነግረኸኛል፣ የሮቤ ሰው ጎባ ላይ ዘመድ ካለው ሳላየው አልውልም ብለህ። ጎባ የሚያድር ሰው ካንተ ሚኒባስ ውጭ በምን ይሄዳል? ውሸቱ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይገለጥ ነበር። ከወፍጮው ለማይነቃነቀው ለሻፊ ጎባ ይባላል፤ ላንተ ግን ከመስመርህ ውጭ የሆነ ቦታ ነው የሚነገርህ። ‹ጎባ›ን ከየት አገኘኸው? ሻፊ ቀብር ላይ ሲያለቅስ ሰምተህ።»

«ግምት ነው» አለ ገዳ።

«ትናንት ጠዋት ከቤቴ ስታመጣኝ መንገድ ላይ ‹መጋዘኑ የሻፊ፣ ጆንያው የሻፊ› አልከኝ። ጆንያ መወተፉን ያን ጊዜ ሮቤ ላይ የሚያውቅ ነፍስ አልነበረም። ፖሊስም አላየ፣ ሻፊም አላየ።»

«ወፍጮ ቤት ጆንያ አይጠፋም። ማንም ሊለው ይችላል።»

«ይችላል። ስለዚህ ሚኒባስህን ልጠይቀው። ቀዳዳዎቹ ከፍ ያሉ ናቸው፤ የሻፊ መሰላል ያለው መስጊድ ነው። መንገድ ላይ መሰላል ቢቆም ሰው ሁሉ ያያል፤ ወፍጮ ቤት አጠገብ ሚኒባስ ቢቆም ግን ማን ልብ ይላል? ጣሪያው ላይ የወጣ ሹፌር ዕቃ የሚያስር ነው የሚመስለው። ግድግዳው አዲስ ኖራ ነው፤ ተጠግተህ ስትቆም የጣሪያህ ብረት ጫረው። ብረትህ ላይ ያለውን ነጭ ቀምሼዋለሁ። ዱቄት ቢሆን ይጣፍጠኝ ነበር፣ የሰሞኑ ዝናብም ባጠበው። ኖራ ነው። አምስት ወጣት ልከህ እይ ኦቦ ማሜ፤ ውጭ ቆሟል።»

ማንም አልተነሣም። ገዳ ራሱ ነበር መሬት መሬት የሚያየው።

«እኔም አንድ ልጨምር» አለች ረቢያ ከበሩ ላይ። «ለቅሶው ከተጀመረ እቤቴ ይመላለሳል፤ ሰው ያመጣል፣ ሰው ይመልሳል። ውሃ እንኳ ቀምሶ አያውቅም። ሹፌር ነው ይቸኩላል ብዬ ነበር። ደም ያፈሰሰ ሰው ሳይታረቅ ከሟች ቤት ውሃ አይቀምስም፤ አባቶቹ ያስተማሩትን ሆዱ አልረሳውም።»

ገዳ ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው መሰለ። «ባለጃኬቶቹ መኪናዬን ይዘው ቆይተው መለሱልኝ። ከዚያ ወንድሜን ያዙት። የለሚን መኝታ ንገረን አሉኝ፤ ሌላ ምንም። ሲናና ሲያጡት ‹ዋሽተኸናል፣ ወንድምህን እርሳው› ብለው ደወሉ። ያኔ ነው ለሚ እንደፈተነኝ የገባኝ። ጠዋት ሲሰበሰቡ ስሜ ይጠራል። የተፈተሸ ቤት ያድራል የሚለውን ሕጉን አውቃለሁ፤ ሄድኩ፤ የከሰሉ ሽታ በቀዳዳው ይወጣል። ጭሱ ሲያፍነው እንዲወጣ ነው ያሰብኩት።»

«ሲወጣ የሚይዙት ሰዎች የት ነበሩ?» አለ ዳቢሴ።

ገዳ ወደ በሩ አየ።

«አልጠራሃቸውም። ወትፈህ መኪናህን አስነሥተህ ሄድክ።»

የሲናና ሰዎች እንደ አንድ ሰው ተነሡ። ግቢው ዱላ አበቀለ። ሻፊ በማይሰማ ድምፅ ያለቅስ ጀመር፤ ከሞት መትረፉን ይሁን ጓደኛውን እንጃ። ረቢያ በዱላዎቹ መካከል አልፋ ገዳ ፊት ቆመች፤ ጀርባዋን ለእሱ፣ ፊቷን ለዘመዶቿ።

«ማንም አይንካው» አለች።

«ረቢያ፣ ዞር በይ» አለ ማሜ።

«አጎቴ፣ ዛሬ ከገደላችሁት ነገ ባለጃኬቶቹ ‹ነፍሰ ገዳዮች› እያሉ ሲናናን ቤት ለቤት ያስሳሉ። እናንተ ትታሰራላችሁ፣ መሬቱ ይታጠራል፣ እሱ ተኝቶ ያርፋል። ሦስቱንም ልትሰጧቸው ነው? ይህ በቀል ነው? ለእኔ ወንድሜን የገደለ ሰው እንዲያርፍልኝ አልፈልግም።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«ይኑር። እሳት አትጫሩለት። ውሃ አታቅምሱት። ሰላምታውን አትመልሱ። ለቅሶው ላይ አትቁሙ፣ ድግሱን አትብሉ። ልጆቹንና ሚስቱን ማንም ክፉ እንዳይናገር፤ እነሱ ሁሉን ያግኙ፣ እሱ ቁጭ ብሎ ይይ።» ወደ ሴና ዞረች። «ወንድሜ ያለ ስልክ ከሮቤ ሪራ መልእክት የሚደርስበት መንገድ ነበረው። አሁንም አለ?»

«አለ።»

«ላኪው። ስሙን ብቻ።»

ማሜ ዱላውን መሬት ላይ ጣለውና ወደ ገዳ ሳያይ «በሩን ልቀቁለት» አለ። ሰዎቹ እንደ ተከፈለ ውሃ ግራና ቀኝ ሆኑ። ገዳ በመካከላቸው አለፈ፤ አንድም ልብሱን የነካው የለም፤ ዱላ ቢወርድበት ይሻለው እንደነበር ከአረማመዱ ያስታውቃል።

መልእክቱ ከጥይት ቀድሞ ሄደ። ገዳ ቤቱ ሳይደርስ ጎባ ሰምታለች፤ ማታ ሪራ ጫካ ውስጥ ያሉ ዝንጀሮዎች ሳይቀሩ ስሙን ያውቁት ነበር። የታወቀ ጆሮ ደግሞ ለባለጃኬቶቹም አይጠቅምም። ቅዳሜ ዕለት አንዳቸው መንገድ ላይ ገዳን ሲያይ ጃኬቱን ዘግቶ ወደ ማዶ ተሻገረ። ወንድሙንም አልፈቱለትም።

ዳቢሴ እስከ ሰኞ ለቅሶ ቤት ቆይቶ ወደ ጎባ ሊመለስ መናኸሪያ ወጣ። ዝናብ ያርከፈክፋል። ተራው የገዳ ነው። በሩን ከፍቶ «ጎባ፣ ጎባ፣ ጎባ» ይላል። ነጋዴው፣ ተማሪው፣ በሽተኛ ይዛ የምትሄደው ሴት፣ ሁሉም በዝናብ ውስጥ ቆመው ከኋላው ያለውን ሚኒባስ ይጠብቃሉ። ጎባ ዘመድ ሊጠይቁ የተነሡት ሞሚና ላስቲክ ራሳቸው ላይ ደፍተው ከሰልፉ ጫፍ ናቸው።

«እናቴ፣ ይግቡ። በነጻ ነው» አላቸው ገዳ።

አሮጊቷ ዝናቡን የሚያዩ መስለው በእሱ በኩል አሳልፈው አዩ።

«ኦቦ ዳቢሴ፣ እርስዎ እንኳ። ባዶ እኮ ነው።»

«ባዶ አይደለም» አለ ዳቢሴ፤ ከሞሚና ጎን ሄዶ ቆመ።

ገዳ ትንሽ ጠበቀ። ተራ አስከባሪው ፊቱን ሳያዞር በእጁ «ውጣ» አለው። ሞተሩን አስነሥቶ ባዶውን ሚኒባስ እየነዳ ወደ ጎባ ሄደ፤ እዚያም የሚጠብቀው ያው ሰልፍ ነው።

ረቢያ ከሱቋ ደጅ በርጩማ አውጥታ ተቀምጣ ይህን ሁሉ ታያለች። ሱቁ ከተከፈተ ጀምሮ ፊቷን ወደ ጨርቁ አድርጋ ስትሸጥ ኖራለች፤ ከዓርብ ወዲህ ግን ወደ መናኸሪያው አዙራዋለች። ዳቢሴ ሊሰናበታት ጠጋ አለ።

«እነገዳን ያውቋቸዋል?» ስትል ጠየቀችው። «ዘራቸው ረጅም ዕድሜ ያለው ነው?»

«አባቱ ዘጠና አልፏቸዋል። ገና ፈረስ ይጋልባሉ።»

«አልሃምዱሊላህ» አለች ረቢያ፤ ከልቧ።